አባቴ በጆሮው የተከለው ዳገት

ያቺ ልጅ ወረቀቷን ጠረጴዛዬ ላይ ዘርግታ፣ ጫፍና ጫፉን በስኳር ዕቃዬና በበር ቁልፌ ጫን አድርጋ፣ «እትዬ የሺ፣ ድሮ እዚያ ዳገት ላይ ምን ምን ይሰማ ነበር?» ብላ ስትጠይቀኝ መጀመሪያ የመጣብኝ ንዴት ነው። ልጅቷ ምንም አላጠፋችም። ህይወት ትባላለች። የመናፈሻ ንድፍ ሠሪ ናት፤ በክፉው ቀን፣ በረሃቡ ጊዜ ያለቁት ሰዎች የተቀበሩበትን፣ ከከተማው በታች ያለውን ዳገት መታሰቢያ እንድታደርገው ከአዲስ አበባ አስመጥተዋታል። እንደ እሷ ሐሳብ ቦታው የሚታይ ብቻ ሳይሆን የሚሰማም መሆን አለበት፤ ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ቢሄድበት እንኳ በዛፉ፣ በውሃውና በድንጋዩ ድምፅ የት እንደደረሰ እንዲያውቅ፣ የሞቱትንም እንዲያስብ። ይህን ስትነግረኝ ፊቷ ያበራል። አዲስ ነገር ያገኘች መስሏታል። እኔ ደግሞ ወረቀቱን ወደ ታች ሳነበው የኮሚቴው አባላት ስም ተደርድሯል፤ የመጀመሪያው «አቶ ደምሰው፣ የአገር ሽማግሌ» ይላል። ቁልፌን ከወረቀቷ ላይ አነሳሁ፤ ወረቀቱ ተጠቅልሎ ተመለሰ። «ሌላ ቀን ነይ» አልኳት።

ጎረቤቶቼ ክፉ አሮጊት እንደሚሉኝ አውቃለሁ። ይበሉ። ሲያረጁ ልብ ይለዝባል የሚባለው እኔ ዘንድ አልደረሰም፤ ቂም በደንብ እንደደረቀ በርበሬ ነው፣ ዓመት ከዓመት ይቀመጣል። ልጅቷ ከሄደች በኋላ ግን በረንዳዬ ላይ ተቀምጬ ጥያቄዋን ሳላስበው መመለስ ጀመርኩ። የዛሬዋ ከተማችን መካነ ሰላም የምትሰማው የባጃጅ ጡሩንባና የሱቅ ድምፅ ማጉያ ነው። ያን ጊዜ ከደሴ የምትመጣው የጭነት መኪና ገና ከሩቅ አቀበቱን ስትይዝ ማቃሰቷ ይሰማና ሰው ሻዩን ጥሎ ወደ መንገድ ይወጣ ነበር። በስሙኒ አምስት እንቁላል ይገዛል፤ ሻይ በአምስት ሳንቲም ነው፤ አቡጀዲ በክንድ እየተለካ ሲቀደድ የሚያወጣው ድምፅ ከሱቅ ውጭ ድረስ ይመጣል። የሀብታም ሚስቶች ጥለቱ አረንጓዴ የሆነ ቀሚስ ለብሰው ቅዳሜ ገበያ ሲወጡ ያ ጥለት የእኔ አባት እጅ ሥራ መሆኑን ስለማውቅ ደረቴን ነፍቼ ከኋላቸው እሄዳለሁ። አባቴ ሸማኔ ነበር፤ ዓይነ ስውርም ነበር። ዓይኑን ማዝ የሚሉት የዓይን በሽታ የበላው እኔ ሳልወለድ ነው። ነጩን በእጁ ዳብሶ ይሠራዋል፣ የጥለቱን ቀለም ግን እናቴ ትመርጥለታለች። እሷ አጠገቡ ተቀምጣ ትፈትላለች፣ መወርወሪያው ከቀኝ ወደ ግራ ይሮጣል፣ እሷም «አሁን ቀዩ» ስትለው ይቀይራል። እናቴ ስትስቅ ድምፅ የላትም፤ ትንፋሽ ብቻ ነው የሚወጣት። አባቴ ግን ያንን ትንፋሽ የሽመናው ጉድጓድ ውስጥ ሆኖ ይሰማዋል፤ «ምን አሳቀሽ?» ይላታል ሳትነግረው።

ክፉው ቀን የመጣው ከንጉሡ መውረድ በፊት ነው። ዓመተ ምሕረቱን የሚያውቁ ሰዎች አሉ፣ እኔ የማውቀው አሥራ አንድ ዓመቴ እንደነበረ ነው። ከወግዲ በኩል፣ ከአባይ በረሃ አፋፍ፣ ሰው እየተጎተተ ወጣ። የሱቆቹ በረንዳ ሞላ። መጀመሪያ ሰሞን ይለምኑ ነበር፤ በኋላ ዝም አሉ፤ የሚያስፈራው ዝምታቸው ነበር። ከረሃቡ ጋር ተስቦ ገባ፤ ተስቦ ደግሞ የበላንና ያልበላን አይለይም። እናቴ በስምንት ቀን ውስጥ ሞተች፤ የጡት ልጅ የነበረው ወንድሜም ተከተላት። ሁለቱንም የገነዝናቸው አባቴ ያልጨረሰውን ጋቢ ከሽመናው ላይ ቆርጠን ነው። የቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ሞልቶ ነበር፤ ቆፋሪም አቅም አጥቶ ነበር፤ ስለዚህ ከከተማው በታች አፈሩ የሚለሰልስበት ዳገት ላይ ክርስቲያኑም እስላሙም ጎን ለጎን ተቀበረ። ጎረቤታችን ሼህ ሙሄ ቁርኣን ያስተምሩ ነበር፤ ከሩቅ አገር ሊማሩ የመጡ ሦስት ደረሶቻቸውን፣ ተማሪዎቻቸውን፣ እዚያው ቀበሩ።

በኋላ ዝናብ ሲመለስ አባቴ እናቴን መጎብኘት ፈለገ። እኔ በዘንጉ ጫፍ እየመራሁ እወስደዋለሁ። እኔ ትምህርት ቤት በዋልኩበት አንድ ቀን ግን ብቻውን ሄደና አንዱ መቃብር ላይ ተቀምጦ ሲያወራ ዋለ። አንዲት ሴት መጥታ «አባቴ፣ ይሄ የኔ ባል ነው» አለችው። ቤት ሲመለስ ፊቱ ቀልቷል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው ዳገቱን መትከል የጀመረው።

አሁን ህይወት በወረቀት የምትሠራውን እሱ በጆሮው ሠራው። ዳገቱ ላይ ከድሮ የነበሩ ሦስት ጥዶች አሉ፤ እነሱን እንደ በር ያዛቸው፤ ነፋስ ሲመታቸው የሚያወጡት ድምፅ ከየትም ይሰማል። ከመንገዱ ግራ ባሕር ዛፍ ተከለ፣ ቅጠሉ ይንጫጫልና። ከቀኝ ወይራ፣ ወይራ ዝምተኛ ነውና። አንዱ ጆሮው ሲንጫጫ ሌላው ጸጥ ካለ መንገዱ መሀል ላይ ነው ማለት ነው። መንገዱ በሚታጠፍበት ሁሉ በዘንግ ሲመቱት የሚጮህ ድንጋይ ፈልጎ አቆመ፤ በአንዳንድ ገዳም እንደ ደወል የሚመቱት ዓይነት። ድንጋዮቹን የምናመጣው ከወንዝ ነው። እሱ እያንዳንዱን አንኳኩቶ ጆሮውን ያስጠጋና «ይሄ ደንቆሮ ነው፣ ተይው» ወይም «ይሄኛው ይናገራል» ይላል። እናቴ ራስጌ ሸምበቆ ተከለ። ለምን ሸምበቆ እንደሆነ ስጠይቀው «ነፋስ ሲገባበት ስሚው» አለኝ። ሰማሁት። ድምፅ የለውም፣ ትንፋሽ ብቻ ነው።

ቀስ በቀስ ሌሎችም መጡ። አባቴ ለሁሉም አንድ ጥያቄ ነበረው፤ «ሟችህ ምን ዓይነት ድምፅ ነበረው?» ይላል። ሼህ ሙሄም ስለ ደረሶቻቸው ተጠየቁ።

«ቁርኣን ሲቀሩ ካልሆነ ድምፃቸው ተሰምቶ አያውቅም» አሉ። «ለነሱ ዝምታ ይሁንላቸው።»

አባቴም ከመሬቱ ላይ ጠጠሩን ለቅሞ፣ ቁጥቋጦውን ነቅሎ፣ ለስላሳ ሳር ብቻ ያለበት ሜዳ አደረገላቸው። እዚያ ሲደርስ ዘንጉን ከፍ አድርጎ ያልፋል።

ደምሰውም መጣ። ያን ጊዜ ሃያ ዓመት ቢሆነው ነው፤ ስምንተኛ ክፍል የደረሰ፣ ቴትሮን ሸሚዝ የሚለብስ፣ በከተማው የታወቀ ተናጋሪ። ቤታቸው ከዳገቱ ጋር ይዋሰናል። ብርቄ የምትባል የስድስት ዓመት እህቱን በተስቦ አጥቷል። አባቴ ሲጠይቀው መጀመሪያ ሳቀ፤ ቀጥሎ ቁጭ ብሎ አለቀሰ። «ቅል ውስጥ ባቄላ ከትታ ቀኑን ሙሉ ታንኳኳለች። እናቴ ትቆጣታለች፣ እሷ አትተውም» አለ። አባቴ ለብርቄ ክትክታ ተከለላት። ክትክታ ፍሬው ሲደርቅ ነፋስ በነካው ቁጥር ሽክሽክ ይላል። ከደምሰው ቤት እስከ እዚያ ክትክታ ሃምሳ እርምጃ አይሞላም።

ንጉሡ ወረዱ፣ አብዮቱ መጣ፣ ቀበሌ ተቋቋመ። እኔ ስለ ፖለቲካው ያኔም ብዙ አልገባኝም፤ የገባኝ ካኪው ነው። ወጣት ማኅበር ስገባ ካኪ ሸሚዝና ሸራ ጫማ ሰጡኝ፤ በሕይወቴ አዲስ ጫማ ሳደርግ የመጀመሪያዬ ነበር። ለመሠረተ ትምህርት አስተማሪነት እታጫለሁ ተባልኩ። ድምፄ ጥሩ ስለነበረ በሰልፍ ላይ መዝሙሩን የማወጣው እኔ ነበርኩ፤ ሌሎቹ ይቀበሉኛል። ደምሰው የቀበሌያችን ሊቀመንበር ሆነ። አብዮቱ ከገባ አራተኛው ዓመት ይሁን አምስተኛው፣ አንድ ቀን ቢሮው አስጠራኝ።

«አባትሽ ሰው ይሰበስባል» አለ።

«መቃብር ነው የሚጎበኙት።»

«ቄሱም እዚያ ነው፣ ሼኹም እዚያ ነው። ምን እንደሚያወሩ ማን ያውቃል? በላይ ያሉት ጠይቀውኛል።» እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ አንከባለለ። «ዳገቱ ለሕዝብ መሰብሰቢያ ይፈለጋል። እንጨቱ ለአዳራሹ ይሆናል። ዘመቻው ላይ አንቺ ከፊት ከሆንሽ ማንም አባትሽን አይነካውም። ካልሆንሽ ግን እኔ ምንም ማድረግ አልችልም።»

ይህን ስናገር ራሴን ለማዳን አይደለም። ፈርቼ ነበር፤ ግን ኮርቼም ነበር። ከፊት መሆን እፈልግ ነበር። በማግስቱ መጥረቢያና ገመድ ይዘን ወረድን። ሦስቱ ጥዶች እስከ እኩለ ቀን ወደቁ። ባሕር ዛፉን ልጦ የሚሸከመው ሁለት ሁለት ሰው ነው። ሸምበቆውን ያጨደው ሌላ ሰው ነው፤ የተሸከምኩት ግን እኔ ነኝ። ቀላል ነበር። መዝሙር አወጣሁ፣ እነሱም ተቀበሉኝ። ሲጮሁ የነበሩት ድንጋዮች ተነቅለው መድረክ ተሠራባቸው። መድረኩ የት እንደሚሆን ያሳየው ደምሰው ራሱ ነው፤ ክትክታው ከሥሩ ተነቅሎ የወጣበት ቦታ ላይ።

ለአባቴ አልነገርኩትም። በየቀኑ «ዛሬ እነግረዋለሁ» እያልኩ ወጥቼ እገባለሁ። እሱም እቤት ጋቢ እየሠራ ነበርና ለአምስት ቀን አልወጣም። በስድስተኛው ቀን ጠዋት እኛ ለሰልፍ ልምምድ ሜዳው ላይ ተሰልፈናል። ድምፅ ማጉያው ሊሞከር ተከፍቶ ማርሽ ያንባርቃል። አባቴ በላይ በኩል ወረደ። ጥዶቹ የነበሩበት ደርሶ ቆመ። ጆሮውን ወደ ግራ አዞረ፣ ወደ ቀኝ አዞረ። ጥቂት ወረደና ዘንጉን ለድንጋዩ ሰነዘረ፤ ዘንጉ አየር መታ። ሌላ ጎን ሰነዘረ። እዚያም የለም። ከዚያ በራሱ ላይ ይዞር ጀመር፤ አንድ ጊዜ ወደ ከተማው፣ አንድ ጊዜ ወደ ገደሉ ጎን ይራመዳል። ማርሹ አይቆምም። ከሰልፉ አንዱ ሳቀ። ደምሰው ከመድረኩ ላይ እኔን አየኝ። እኔ ከሰልፌ አልወጣሁም።

የወጡት ሼህ ሙሄ ናቸው። ከየት እንደመጡ አላውቅም፤ ጀለቢያቸውን ሰብስበው ሜዳውን አቋረጡና እጁን ያዙት።

«አብሽር፣ እኔ ነኝ» አሉት።

«ሼኬ፣ የት ነው ያለሁት?»

«እዚያው ነህ። እነሱ ናቸው የጠፉ።»

ይህንን ጮክ ብለው ነው የተናገሩት። ለዚህች አንዲት ቃል ሦስት ሳምንት ታስረዋል፤ ሲፈቱ ከስተው፣ ጺማቸው ተላጭቶ ነበር።

የዚያን ዕለት ቤት ስገባ አባቴ የሽመናው ጉድጓድ ውስጥ እጁን አጣምሮ ተቀምጧል። ምሳ አቀረብኩለት። ጥቂት በላና «ማን ቆረጠው?» አለኝ።

«ቀበሌ ነው አባዬ።»

«እንጨቱን ሲሸከሙ እስከዚህ ይሰማ ነበር፤ ከዳገቱ መሆኑን አላወቅኩም እንጂ። መዝሙሩን ያወጣች የነበረችው ማን ናት?»

«አላውቅም» አልኩት።

«ጥሩ ድምፅ አላት» አለና እጁን ታጠበ።

ሦስት ዓመት ኖረ ከዚያ በኋላ። ስለ ዳገቱ አንድም ቀን አላነሳም፤ ከግቢያችንም አልወጣም። ይሠራ የነበረው ነጭ በነጭ ነው፤ ጥለት የሚያዝዝ ሰው ሲመጣ «ሌላ ሸማኔ ፈልጉ» ይላል። እኔም ከዚያ ቀን ጀምሮ መዝሙር አውጥቼ አላውቅም። ጉሮሮዬን አመመኝ ብዬ ማኅበሩን ተውኩ፤ ካኪውን ግን እስኪያልቅ ለብሼዋለሁ፣ ሌላ ልብስ አልነበረኝምና። ያ ሥርዓትም በጊዜው ሄደ። ደምሰው ጥቂት ታስሮ ወጣ፣ ደጎሎ ሄዶ ስንዴ ነገደ፣ ሸምግሎ ተመለሰ። አሁን ነጠላውን አጣፍቶ ሲያልፍ ሰው ከመቀመጫው ይነሳለታል፤ «ጋሼ» ይለዋል። እኔ «አንተ» ነው የምለው።

ህይወት በሳምንቱ ተመልሳ መጣች፤ ልጅቷ ግትር ናት፣ ይህን ወደድኩላት። ያን ጊዜ ሁሉንም ነገርኳት፤ የእኔን ብቻ አስቀረሁ። ዳገቱንም አብረን ወረድን። ቡልዶዘር ስንት ጊዜ ሄዶበታል። ጥዶቹ የነበሩበትን አሳየኋት፣ የሼህ ሙሄን ሜዳ አሳየኋት፣ የመድረኩ ድንጋይ እዚያው አለ። የእናቴን ቦታ ግን ማግኘት አልቻልኩም። ወደ ታች ሄድኩ፣ ወደ ላይ ተመለስኩ። ዓይኔ ጤነኛ ነው፣ የሚያየው ግን ሳር ብቻ ነው። ልጅቷ ክንዴን ልትይዝ ስትል ተቆጣኋት።

ኮሚቴው ስብሰባ የጠራው ከዚያ በኋላ ነው። ህይወት ሥዕሏን ግድግዳ ላይ ሰቀለች። ደምሰው ተነስቶ ተናገረ፤ አንደበቱ ዛሬም አልዛገም። «ይህን ሐሳብ ከሁሉ በፊት ያሰበ የኛው አገር ሰው ነው፤ የወይዘሮ የሺ አባት። ስሙ በበሩ ላይ ሊጻፍ ይገባል» አለ። ሰው አጨበጨበ። እኔ ተነሳሁ።

«አባቴ የተከለውን ያስቆረጠው እሱ ነው» አልኩ። «የተሸከምኩት እኔ ነኝ። መዝሙር እያወጣሁ። ስም መጻፍ ካስፈለገ የሁለታችንንም ጻፉ።»

አንዱ ሽማግሌ «እንግዲህ ያለፈ ነገር…» ብሎ ሲጀምር ነጠላዬን አንስቼ ወጣሁ።

በማግስቱ ከሰዓት በሬ ተንኳኳ። ደምሰው ነው፤ ብቻውን፣ ከዘራውን ተደግፎ። ግባ አላልኩትም። በሩን በአንድ እጄ ይዤ ቆምኩ።

«ይቅርታ ልትል ከሆነ ተመለስ» አልኩት።

«ለይቅርታ አይደለም የመጣሁት። እንደማትሰጪኝ አውቃለሁ።» ትንፋሹን ሰበሰበ። «ልጅቷ መድረኩን አፍርሳ ከሥሩ ቆፍራ የውሃ ገንዳ ልታደርግበት ነው። ሥዕሉ ላይ አይተሻል።»

«አይቻለሁ።»

«ብርቄ እዚያ ናት።»

«አውቃለሁ። ድንጋይ የጫንክባት አንተ ነህ።»

«እኔ ነኝ» አለ። ዓይኑን ከመሬት አላነሳም። «በጋ ሲመጣ ያ ክትክታ ያንኳኳ ነበር። ቤት ውስጥ ሆኜ እሰማዋለሁ። በጥጥ ጆሮዬን እደፍናለሁ፣ ይሰማኛል። እናቴ እሱን እየሰማች ተቀምጣ ትውላለች፣ እህል አትቀምስም፤ 'ብርቄ ናት' ትለኛለች። በላይ ያሉት የጠየቁት አንድ ሜዳ ነበር። ሌላ ሜዳ ማሳየት እችል ነበር።»

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ሃምሳ ዓመት ሊሞላው ምንም አልቀረውም፤ እኔ ሁልጊዜ ከላይ ታዝዞ፣ ወይም ለሹመቱ ብሎ ያደረገው ይመስለኝ ነበር። የአባቴን ዳገት ሙሉውን የነቀለው አንዲት ቁጥቋጦ ዝም ለማሰኘት ነው። ምክንያቱን ሳውቅ ይቀለኛል ብዬ አስብ ነበር። አልቀለለኝም። እንዲያውም ባሰብኝ።

«ክትክታውን ብቻ ብትነቅለው ምን ነበረበት?» አልኩት።

ከዘራውን ከአንድ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ። «ልጅቷ አንቺን ትሰማለች» አለ። «ብዙ ሰው ገንዳውን ወዶታል፤ እኔ ብናገር የሚሰማኝ የለም፣ ከትናንቱ ስብሰባ በኋላማ ጭራሽ። እዚያ አትቆፍሪ በያት። የምለምንሽ ይህንኑ ነው።»

በሩን ዘጋሁበት። ከውስጥ ሆኜ የከዘራው ድምፅ እስኪርቅ ጠበቅሁ፤ ብዙ ቆሞ ነው የሄደው።

ህይወት ያረፈችበት ሆቴል የሄድኩት በሁለተኛው ቀን ጠዋት ነው። ሥዕሏን አስዘረጋኋትና ጣቴን መድረኩ ላይ አደረግሁ። እዚህ ሥር የስድስት ዓመት ልጅ አለች፣ አትንኪያት፣ ውሃውን ወደ ታች ውሰጂው አልኳት። የማን ልጅ እንደሆነች ጠየቀችኝ። ብርቄ ትባላለች፣ ሌላውን አትጻፊው አልኳት። እርሳሷን አወጣችና ገንዳውን አጥፍታ ከዳገቱ ግርጌ ሳለችው። ከማን እንደሰማሽ ለማንም አትናገሪ ብዬም አስማልኳት።

ደምሰው አሁንም እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን በር ላይ ያየኛል። ለልጅቷ ያልተናገርኩለት ነው የሚመስለው። ገንዳው ለምን እንደተዛወረ ለሕዝቡ ሲነገር አፈሩ አይመችም ተብሏል፤ እሱም ያንን አምኗል። ባርኔጣውን ያነሳና አንገቱን ሰበር ያደርጋል። እኔም ፊት ለፊቴን እያየሁ አልፈዋለሁ።